ዋስ ያለው ቃል፤ የነገረ ፈጅ አንደበት በዳባትና በደባርቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዳባት ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ በተካሄደ የእርቅ ሸንጎ ላይ እንድናገር ተጠየቅሁ። ሁለት ወገኖች በወሰን ጠብ ተኳርፈው ከርመዋል። ከአንደኛው ወገን ጋር በእናቴ በኩል ስለምዛመድ፣ ደግሞም «የተማረ ነው፤ ንግግር ያስተምራል» ስለተባልሁ፣ ሽማግሎቹ ቃል እንድሰጥ ፈቀዱልኝ። የምናገረውን ሌሊቱን በወረቀት አስፍሬ፣ በሦስት ነጥብ ከፍዬ፣ መግቢያና መደምደሚያ አበጅቼለት ነበር። ተነሥቼ ጀመርሁ። ሁለተኛው ነጥብ ላይ ስደርስ ከተቀመጡት አንድ አዛውንት ዱላቸውን መሬት ነካ አድርገው «ልጄ፣ ንግግርህስ መልካም ነው። ግን ማንን ይዘህ ነው የምትናገረው?» አሉኝ። ጥያቄው አልገባኝም። «እርቅን» ብዬ መለስሁ። ሰዉ ሣቀ። አዛውንቱ ግን ሳይሥቁ «ይህ ያልኸው ነገር ቢፈርስ ማን ይጠየቅልሃል ማለቴ ነው» ሲሉ አብራሩልኝ። ዋስ አልጠራሁም፤ መጥራት እንዳለብኝም አላሰብሁም ነበር። ሦስተኛውን ነጥብ ሳልናገር ተቀመጥሁ።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ያ ጥያቄ ነው። የንግግር ጥበብን ለዓመታት ሳስተምር ቆይቻለሁ። ለተማሪዎቻችን የምናድላቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ ከውጭ መጻሕፍት የተቀዱ ናቸው፤ ቀጥ ብለህ ቁም፣ አድማጭህን ዓይን ዓይኑን እይ፣ በአጭር ታሪክ ጀምር፣ በማይረሳ አነጋገር ጨርስ ይላሉ። ምክሩ አይጎዳም። ዴሞስቴን ጠጠር ጎርሶ ተለማመደ የሚለውን ተረክም ተማሪው ይወደዋል። ነገር ግን ተናጋሪ በተናገረው ነገር ምን ያህል ይታሰራል የሚለው ጥያቄ በእነዚያ ገጾች ውስጥ አይገኝም። በወገራና በስሜን ግርጌ በአንደበቱ ይተዳደር የነበረ ሰው ደግሞ ዝናውም እንጀራውም የተመሠረተው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነበር። ይህ ሰው ነገረ ፈጅ ይባላል።

ስሙን እናስተውለው። ዛሬ «ነገረ ፈጅ» ስንል በመሥሪያ ቤት ውስጥ ዴስክ ያለው፣ ውል የሚመረምር ሠራተኛ ይታየናል። ቃሉ ግን ነገርን የሚፈጅ፣ ማለትም ጉዳዩን ከዳር አድርሶ የሚጨርስ ማለት ነው። ተጓዳኙ «ጠበቃ» ከመጠበቅ የመጣ ነው። አንዱ ይጨርሳል፣ ሌላው ይጠብቃል። በሁለቱም ስም ውስጥ «መናገር» የሚል ግሥ አለመኖሩ ያስገርመኛል። ሙያው በንግግር የሚሠራ ሲሆን ስሙን ያገኘው ንግግሩ ከሚያስከትለው ውጤት ነው።

የእናቴ አባት በዳባት ዙሪያ የታወቁ ነገረ ፈጅ ነበሩ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ሙያው ሞቶ ነበር፤ እርሳቸው ግን ገና በሕይወት ነበሩ። ለአንድ ሙግት እንደ ነገሩ ክብደት አንድ ወይም ሁለት ጭነት ገብስ ይቀበሉ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። ገብስ ማለቷ አያስደንቅም። ዳባትና ደባርቅ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው፣ ብርዳቸው የሚያንዘፈዝፍ ደጋዎች ናቸውና ገንዘቡም ጠላውም ገብስ ነው።

ቦታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የወገራን ሜዳ ያቋርጣል፤ ዳባትን ያልፋል፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ ምድሩ ይከዳዋል፤ የሊማሊሞ ገደል ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ ይህንኑ ዳገት ወጥቷል። የሲራራ ነጋዴው ሁሉ መተላለፊያ ስለነበረ ቀረጥ የሚከፈልበት በር ነበር። ቀረጥ ባለበት ክርክር አለ፤ ርስት ባለበት ደግሞ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

ብሩስ ጎንደር ከደረሰ በኋላ ከጻፋቸው ነገሮች መካከል ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅም አንድ ሹመት አለ፤ ቃለ ሐፄ ይባላል። ንጉሡ በአደባባይ ራሳቸው አይናገሩም ነበርና የንጉሡን ቃል ተቀብሎ ለሸንጎው የሚያሰማው ይህ ሰው ነበር። አፈ ንጉሥ የሚለውም ማዕርግ ከዚሁ አስተሳሰብ የወጣ ነው። «የንጉሥ አፍ» የተባለው ሹም በኋላ የፍርድ ሁሉ የበላይ ሆነ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። እንግዲህ ስለ ሌላው ሆኖ መናገርን ሙያ ማድረግ በዚህ አገር ከቤተ መንግሥት ጀምሮ እስከ ገበሬው ግራር ሥር ድረስ የተዘረጋ ነገር ነው። ልዩነቱ ቃለ ሐፄ የሚናገረው በንጉሥ ጥላ ሥር ስለሆነ የሚመልስለት የለም፤ ነገረ ፈጁ ግን ፊት ለፊቱ ባላጋራ ቆሞበታል።

ርስት ምን እንደሆነ ለዛሬ ተማሪ ማስረዳት ያስቸግራል። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ ይቁጠር፣ ድርሻ አለኝ ማለት ይችላል። በመሆኑም አንድ ሰው በአራትና በአምስት አገር ርስት ሊጠይቅ፣ እርሱም በአራትና በአምስት ሰው ሊጠየቅ ይችላል። ጊዜ አያግደውም፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ተብሎ የለም? አለን ሆበን ስለ ጎጃም ዳሞት በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመው መጽሐፉ ርስትን መከራከር የዘመድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰውን ከፍ ማለትና ዝቅ ማለት የሚወስን ሥራ እንደነበረ አሳይቷል። ወገራም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ለነገረ ፈጁ ይህ ሁሉ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የሰውን ትውልድ በቃሉ መያዝ አለበት። አያቴ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤታቸውንም፣ የባላጋራቸውንም ትውልድ ይቆጥሩ ነበር።

ሙግቱ የሚካሄድበት ሥርዓት ሦስት ስሞች ይዞ ይገኛል፤ በላ ልበልሃ፣ ተጠየቅ፣ እሰጥ አገባ። ተማሪዎቻችን በሥነ ቃል ክፍለ ጊዜ የሚያውቁት የመጀመሪያውን ነው። ተሟጋቹ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዱላውን ይዞ ይነሣና በግጥም ይከፍታል፤ ዳኛውን ያወድሳል፣ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ባላጋራውን በአሽሙር ይነካል። ሕዝቡ ደስ ይለዋል። በተጠየቅ ጊዜ ግን ግጥሙ ይቀርና ጥያቄ ይመጣል፤ አንዱ «ተጠየቅ» ይላል፣ ሌላው «ልጠየቅ» ይላል፣ እያንዳንዱ መልስም መላሹን ያስረዋል። ስለ በላ ልበልሃ ብዙ ተብሏል፤ ግጥሙ ስለሚጥም ሰብሳቢዎች ወደዚያው ይሮጣሉ፣ እኔም ሮጬ ነበር። እዚህ ላይ ማዘግየት የምፈልገው ሦስተኛው ላይ ነው።

ዛሬ «እሰጥ አገባ» ስንል ተራ ጭቅጭቅ ማለታችን ነው። ቃሉን ከፍተን ብናየው ግን «እሰጣለሁ፣ አገባለሁ» የሚል ነው፤ የውርርድ ቋንቋ ነው። ተሟጋቹ የተናገረው እውነት ካልሆነ ይህን ያህል ማር፣ ይህን ያህል ጠገራ ብር፣ ሲከፋም በቅሎ እንደሚከፍል በዳኛው ፊት ይወራረዳል፤ በንጉሡ ስም ይምላል፤ ለውርርዱም ዋስ ይጠራል። ዋሱ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ብድግ ብሎ «እኔ አለሁ» ካላለ ንግግሩ፣ ምንም ያማረ ቢሆን፣ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ንግግሩ የሚጀምረው ሸንጎው ላይ አይደለም። ሰው የሚዋስለት፣ ቃሉን የሚያምኑለት ሰው ሆኖ መኖር አለበት። የዳባቱ አዛውንት «ማንን ይዘህ?» ያሉኝ ይህን ነው።

እዚህ ላይ ሥርዓቱን ላሞግስ ብቻ አልተነሣሁም። ውርርድ ሀብታሙን ይጠቅማል። በቅሎ ያለው ሰው በቅሎ ሲጠራ ድሀው ዝም ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረውም፤ እውነቱ ከድሀው ጋር ሆኖ ሙግቱ ከሀብታሙ ጋር የቀረበት ጊዜ ጥቂት አይሆንም። ነገረ ፈጅም ሁሉ ጨዋ አልነበረም። ጠብ ከሌለ እንጀራ የለምና፣ የተኛ ነገር የሚቀሰቅስ፣ ከሁለቱም ወገን ገብስ የሚቀበል ይገኝ ነበር። እናቴ «ነገር ሠሪ» እያለች ትጠራቸዋለች። አባቷን ከእነርሱ መካከል አትቆጥራቸውም፤ እኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለ አያቴ የሚነገር አንድ ሙግት አለ። በ1998 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ መረጃ ስሰበስብ ከዳባትም ከደባርቅም ሰምቼዋለሁ። ባላጋራቸው በግጥም አከፋፈቱ የታወቀ ሰው ነበር። ጧት ተነሥቶ እስከ ቀትር ተናገረ አሉ። ሕዝቡ «እሰይ» ይል ነበር። ከግጥሙ መካከል በአንዱ ቦታ፣ የሰማውን ሁሉ ልብ እንዲነካ ብሎ፣ ቅድመ አያቱ በክፉ ቀን በዚህ አገር ደጅ ተቀብለው እንዴት እንደበሉ፣ ባዕድ ሲሆኑ ምድሪቱ እንዴት እንዳሳደገቻቸው አዝኖ ገጠመ። አያቴ ተራቸው ሲደርስ ተነሥተው የራሳቸውን ግጥም አልገጠሙም። የባላጋራቸውን ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአጭሩ መልሰው አሉት፤ «ይህን አላልህም?» አሉ። «ብያለሁ» አለ። «ሳላጓድል ተናገርሁልህ?» «አላጓደልህም»። «እንግዲህ ቅድመ አያትህ እንግዳ ሆነው ከመጡ አቅኚው አባት ማን ሊሆን ነው?» አሉና ተቀመጡ።

ሰውየው ለቤት መምቻ ሲል ርስቱን ጣለ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንዲህ በቃል በቃሉ ሲፈጸም ግን ሌላ ቦታ አልሰማሁም።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህን ታሪክ የነገሩኝ ሽማግሎች የተሸናፊውን ግጥም ከዳር እስከ ዳር ያስታውሱታል፤ ሁለቱ በቃላቸው ብለውልኛል፣ ልዩነታቸውም በጣም ጥቂት ነው። የአያቴን ጥያቄ ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አነጋገር ነው የነገሩኝ። አንደኛው እንዲያውም አያቴ «ምንም አልተናገሩም፤ ብቻ ጠየቁ» አለኝ። በዘመናችን «ስኬታማና የማይረሳ ተናጋሪ» እየተባለ ሁለቱ ቃላት እንደ ባልና ሚስት ተጣምረው ሲነገሩ ይህ ሙግት ትዝ ይለኛል። ያልተረሳው አንዱ ነው፤ የተሳካለት ሌላው።

ይህ መለያየት የወገራ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያውያን ንግግሮች ሁሉ በዓለም ዘንድ እጅግ የታወቀው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ያደረጉት ነው። በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ እስኪወጡ ቆመው ጠበቁ። ንግግሩን ብዙ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር አንብቤዋለሁ፤ ቅርጹም ከአገር ቤት ሙግት የወጣ ሆኖ ይታየኛል። ከሳሽ ራሱ ቆሟል፤ በደሉን በተራ ይቆጥራል፤ ዳኞቹ ቀደም ሲል የሰጡትን ቃል፣ ማለትም የማኅበሩን ቃል ኪዳን፣ መልሶ ያስታውሳቸዋል፤ በመጨረሻም ፍርዱን ራሱ አይናገርም፣ ለዳኞቹ ጥያቄ ይተውላቸዋል። ዳኞቹን ራሳቸውን ተጠያቂ የሚያደርግ ተጠየቅ ነው። ዋሶቹ ግን ከዱ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 27፣ ጉባኤው በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። ንግግሩ ግን ሳይረሳ ቀርቷል። ነገረ ፈጅ በሚለው ስም ፍቺ ከሄድን ነገሩ አልተፈጀም፤ የተፈጀው ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ ነው።

ከጥንቱ ዓለም ጋር ማነጻጸርም ይጠቅማል። በአቴና ተከራካሪ ራሱ እንዲናገር ሥርዓቱ ያስገድደው ነበር፤ ስለዚህ እንደ ሊስያስ ያሉ ሰዎች ንግግር እየጻፉ ይሸጡለት ነበር፤ እርሱም አጥንቶ እንደ ራሱ ቃል ያሰማዋል። በሮማ በአንጻሩ ጠበቃው ራሱ ይናገራል፤ ዋጋ መቀበል ግን በ204 ዓመተ ዓለም በወጣ ሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ሕጉ ምን ያህል እንደተከበረ ሌላ ጉዳይ ነው። ሲሴሮ በ55 ዓመተ ዓለም ስለ ተናጋሪ በጻፈው መጽሐፍ ትልቅ ቦታ የሰጠው ለዕውቀት፣ ለቃላት ምርጫ፣ ለማስታወስ ችሎታ፣ ለአካል እንቅስቃሴ ነው። የእኛ ነገረ ፈጅ ዋጋም ይቀበላል፣ ራሱም ይናገራል፣ በንግግሩም ይወራረዳል። ይህን ሦስተኛውን በሲሴሮ ዘንድ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ተናጋሪ እንዴት ይሠለጥን ነበር? ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ አደባባዩ ራሱ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዳኛ ፍለጋ ሲሄዱ መንገደኛውን ያስቆሙታል፤ በንጉሥ ስም ከተያዘ እምቢ ማለት አይችልም፣ ተቀምጦ ይዳኛል። ስለሆነም ማንኛውም ጎልማሳ አንድ ቀን ዳኛ እንደሚሆን ያውቃል፤ ሲሰማ እንደ ተመልካች ሳይሆን እንደ ፈራጅ ይሰማል። በሸንጎም አስተያየት ሲሰጥ ከታናሹ ይጀመራል፤ ታናሹ ታላቁ ምን እንዳሰበ ሳያውቅ ማስረዳት አለበት። ለአንደበት ከዚህ የበለጠ ልምምድ አላውቅም። የዛሬው ተማሪ ንግግር ሲያቀርብ ጓደኞቹ ያጨበጭቡለታል፤ ከአጨብጫቢዎቹ መካከል «እንግዲህ ፍረድ» የሚባል የለም።

አያቴ ደግሞ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ባለጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ ነገሩን ያዳምጡታል። ከዚያ «አሁን ደግሞ ባላጋራህን ሁንና ክሰሰኝ» ይሉታል። ሰውየው የባላጋራውን ክርክር በሚገባ መናገር ካልቻለ ጉዳዩን አይቀበሉም፤ «ሂድና ሰምተኸው ተመለስ» ብለው ይሰዱታል። ይህን ከእናቴ ከሰማሁ ወዲህ በክፍሌ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ተማሪዎች የራሳቸውን አቋም ለአሥር ደቂቃ ይናገራሉ፤ የተቃዋሚያቸውን አቋም ተቃዋሚው «ሳታጓድል ተናገርህልኝ» እስኪል ድረስ ማቅረብ የቻሉት ግን ከሠላሳው አራት ናቸው።

ስለ ሰምና ወርቅም አንድ ነገር ልጨምር። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘ መጽሐፉ የአማራን አነጋገር ድርብ ትርጉም ከጠባይና ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር አያይዞ ተንትኖታል። ብዙ ተከራክረንበታል። በሙግት ዐውድ ሳየው ግን ምክንያቱ ቀለል ብሎ ይታየኛል። የተናገርኸው ቃል በዋስና በውርርድ የሚያስርህ ከሆነ፣ መውጫ በር እያስቀመጥህ ትናገራለህ። ሰዋራው አነጋገር የመጣው ቃል ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን ውድ ስለሆነ ነው። ዋጋ በማያስከፍልበት ቦታ ሁሉ ሰው ግልጽ ለመሆን አይቸግረውም።

ሙያው እንዴት ጠፋ? በአንድ ቀን አልጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ፤ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከተለ። ክስ በጽሑፍ፣ መልስም በጽሑፍ ሆነ። ከዚያ ወዲያ በፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ የጽሕፈት መኪናውን በርጩማ ላይ አስቀምጦ የሚጠብቀው ማመልከቻ ጻፊ የነገረ ፈጁን እንጀራ ተካፈለ። የአቴናው ሊስያስ ጎንደር መጣ ማለት ነው። ባለጉዳዩ በቃሉ ይነግረዋል፤ ጻፊው ሁሉንም ነገር በአንድ ዓይነት አማርኛ ያወርደዋል። የአያቴ ዘመን ሰዎች ይህን ሲያዩ «ወረቀት ዋስ አይጠራም» ይሉ ነበር አሉ። ሐሰት ነው፣ ወረቀትም ይጠራል፤ ግን የሚዋሰው ፊርማ ነው እንጂ ሰው አይደለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የርስት ሙግት ሥሩ ተነቀለ። የመሬት ጠብ በገበሬ ማኅበር የፍርድ ሸንጎ መታየት ጀመረ፤ ትውልድ መቁጠርም ጥቅም አጣ። አያቴ የሞያቸውን መጨረሻ እንዴት እንደተቀበሉት ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ቅር ብሏቸው እንደነበር እናቴ ትናገራለች፤ በዚያው ዓመት ግን በውርርድ መሬቱን አጥቶ የነበረ አንድ ጎረቤታቸው መሬት ሲደርሰው እልል ካሉት መካከል ነበሩ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት በሠርግና በሽምግልና አሳለፉ። በሠርግ ላይ ሲናገሩ አስታውሳለሁ፤ ልጅ ነበርሁ። በጣም አጭር ይናገሩ ነበር፤ እኔም ነገረ ፈጅ ነበሩ ሲባል የሰማሁትን ያህል ስላልሆኑብኝ አፍሬባቸው ነበር።

ሥርዓቱ ፈጽሞ አልጠፋም የሚሉ አሉ፤ በደም እርቅና በሽምግልና ላይ ዋስ መጥራት እንዳለ ነው፤ ይህን እኔም በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ። የጠፋው ሙያው ነው። ገብስ ተቀብሎ በአንደበቱ የሚያድር ሰው የለም።

በዚያው በ1998 ዓ.ም. ደባርቅ ላይ አንድ አዛውንት አግኝቼ ነበር። በወጣትነታቸው ከአያቴ ጋር ተሟግተው ያውቃሉ። ቴፕ መቅጃዬን በርጩማው ላይ አስቀምጬ «እባክዎ አባቴ፣ በላ ልበልሃውን ከመጀመሪያው ጀምረው ይበሉልኝ» አልኋቸው። ዝም ብለው ቴፑን አዩት።

«ማን ላይ ልቁም?» አሉኝ።

«ዝም ብለው ይበሉት፤ ለጥናት ነው» አልሁ።

«ባላጋራ ከሌለ ምን እላለሁ? አንተ ቁም።»

ቆምሁ። ነጠላቸውን አደገደጉ፣ ዱላቸውን አነሡ፣ እኔንም ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። ሁለት ስንኝ ያህል ከከፈቱ በኋላ ድምፃቸው ተለወጠ፤ የአያቴን ስም ጠርተው ከዚያ ሰውዬ ወገን አንድ ነገር ይቀረኛል፣ አንተ የልጅ ልጁ ነህና ትጠየቅልኛለህ አሉ። አንድ ገንቦ ማር ተወራረዱ። «በል፣ ዋስ ጥራ!» አሉኝ።

ካሴቱ አሁንም ከእኔ ዘንድ አለ። ከዚያ ቃል በኋላ የሚሰማው የእኔ ሣቅ ነው። ቀጥሎ በርጩማ ሲንቀሳቀስ ይሰማል፤ አዛውንቱ ተቀምጠዋል። የቀረው ወገን ባዶ ነው።